እሷ እንደሆነች ቤት ናት

ትንሿ በምንላት ልጅ በር መቃን ላይ የተመታ አንድ ምስማር አለ። ጠዋት ጠዋት የግቢያችን ሰው ወደ ሥራው ሲወጣ የቤቱን ቁልፍ እዚያ ምስማር ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንዲገባ፣ ሲሊንደር የሚያመጣው ሰው በር እንዲከፈትለት፣ የቧንቧ ውሃ ድንገት ከመጣ በርሜሉ እንዲሞላ። «ይመችሻል ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አላውቅም። ምን ያስጠይቃል? እሷ እንደሆነች ቤት ናት። ይህችን አባባል በግቢያችን ከሰላምታ እኩል ስሰማት ኖሬአለሁ፤ በሰማኋት ቁጥርም ቆሽቴ ያራል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ጠዋት ወጥቼ አመሻሽ ላይ ነው የምመለሰው። ክፍሌ ከትንሿ እናት ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ግድግዳው ደግሞ ከመጋረጃ ብዙም አይሻልም፤ ስለዚህ ጆሮዬን ባልሰጥም እሰማለሁ። ምላስሽ ረጅም ነው ይሉኛል። ይበሉ። ይህን ታሪክ ግን ምላሴ ስለረዘመ ሳይሆን ሆዴ አልችል ስላለ ነው የማወራው።

ትንሿ የተባለችው የአራት ልጆች መጨረሻ በመሆኗ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሞልቷት፣ በር ስትገባ አንገቷን ሰበር የምታደርግ ዘለግ ያለች ልጅ ሆና እንኳ ስሟ ትንሿ ነው። እናቷን ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ይላቸዋል። አንደኛ ክፍል ያስተምሩ ስለነበር ከሰፈራችን ጎልማሳ ግማሹ ፊደል የቆጠረው በእሳቸው እጅ ነው። ዛሬም ፂሙን ያሳደገ ሰውዬ በመስኮታቸው ሥር ሲያልፍ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው ሳለ ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ፤ እሳቸውም ተከትለው ወደቁ። ደም ግፊት ነው ተባለ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ቀረ። ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ግን ደህና ነበሩ፤ በተለይ አንደበታቸው።

ያን ጊዜ ትንሿ የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ነበረች። ትልቁ ወንድሟ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተቆጣጣሪ ነው፣ እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፣ መካከለኛው ወንድሟ ሞባይል ይጠግናል፤ ሦስቱም የየራሳቸው ኑሮ አላቸው። ተሰብስበው መከሩ። ሥራውን የሚተው ሰው ጠፋ፤ ትምህርቷን የምትተው ግን ተገኘች። «ለጊዜው ነው» ተባለ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ለጊዜው ሲሉም ከልባቸው ነበር። ለጊዜው የተባለ ነገር ግን አንዴ ቤት ከገባ እንግድነቱን ይረሳል። ከትንሿ ጋር የተማሩት ተፈተኑ፣ ኮሌጅ ገቡ፣ ከኮሌጅ ወጡ። ግማሾቹም ልጅ ወልደው ልጃቸውን አቅፈው በግቢው በር ሲያልፉ «አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?» ይሏት ጀመር። እሷም «ቤት ነኝ» ትላቸዋለች።

ቤት መሆን ቀላል ነገር ይመስላል። ቲቸርን ጠዋት ከፍ አድርጎ ማጠብ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ አንሶላ መቀየር፣ ማጠብ፣ ማስጣት፣ ምግብ ሠርቶ በቀኝ እጃቸው በኩል ማስቀመጥ፣ እንደገና ማገላበጥ። ከሁሉ የሚከብደው መፀዳጃው ነበር። ቲቸር ኩሩ ሰው ናቸው፤ ከወለዷቸው በቀር ገላቸውን የሚያይ ሰው አይፈልጉም። አንድ ሰሞን ልጆቻቸው ተሟጋተው ተከፋይ ሴት አመጡላቸው። ቲቸር ሽንታቸውን ቀኑን ሙሉ ይዘው ዋሉ፤ ሴትዮዋ የምትነካቸው ነገር አላገኘችም። አመሻሽ ላይ አመስግነው፣ መርቀው፣ ዳግመኛ እንዳትመጣ ነግረው ሸኟት። እኔም አንዴ ላግዝ ብዬ ብርድ ልብሱን ስገልጥ እጄን ያዝ አደረጉና «አንቺ ልብስሽን ስፊ» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም።

በዚህ ሁሉ መሃል ሬድዮ ሲከፈት ስለ ሥራ ፈት ወጣት ይወራል። አይማርም፣ አይሠራም፣ አይሠለጥንም፤ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል ይላል አንዱ። ሌላው ወጣቱ ሥራ ይንቃል ይላል። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ስሰማ ትንሿ አንሶላ ስትጨምቅ ትታየኛለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ቀልቶ። ሬድዮው የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ነው እንዳልል፣ ደግሞ ስለ እሷም ነው። ንግግሩ ግን እሷ ጋ አይደርስም።

አንድ ቀን ከከተማው አውቶብስ ድርጅት የሹፌር ሸሚዝ እንድሰፋ ታዘዝኩ። ከዚያ በፊትም ሰፍቼላቸው አውቃለሁ። ያሁኑ ልኬት ግን ደረቱና ወገቡ ሌላ ሆነብኝ። ልኬቱን ያመጣውን ሰውዬ ሹፌሮቻችሁ ምን ነካቸው ብዬ ብጠይቀው ሴቶች ሊያሠለጥኑ መሆኑን ነገረኝ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ዓይናቸው ጤነኛ የሆነ፣ ዕድሜያቸው ከሃያ አምስት ያልበለጠ። ሥልጠናው ሦስት ወር ነው፤ የመንገድ ፈተናውን ያለፈች በማግሥቱ መሪ ትይዛለች። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቼ ወደ ቤት ሮጥኩ ማለት ይቻላል። በእኔ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ።

ትንሿን ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት። አስጨርሳኝ ትልቁን አውቶብስ ነው ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ትልቁን ነው አልኳት። የያዘችው እርጥብ አንሶላ ጫማዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ አላወቀችም። ደስታና ፍርሃት ፊቷ ላይ ሲገፋፉ አየሁ። ያን ያህል ዓመት አንድም ቀን ይህን ነገር እፈልጋለሁ ስትል ሰምቻት ስለማላውቅ የምትፈልገው ነገር የሌላት ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ትልቁ ወንድሟ ምን ጎደለባት አለና ለዚያ ቤት የሚያመጣውን ሁሉ ዘረዘረ። እህቷ መንገድ ላይ በሴት ሹፌር ላይ የሚወርደውን ስድብ አነሳች። መካከለኛው ቀልደኛ ነው፤ ከግቢ ወጥታ የማታውቅ ልጅ መንገዱ የት እንዳለ በምን ታውቃለች ብሎ ሳቀ፤ ማንም አላገዘውም። ትንሿ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ጥግ ላይ ቆማ የኩባያ ጆሮ ታሻሻለች። ቲቸር ሁሉንም አስጨርሰው በቀኝ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉ፤ ክፍል ሲንጫጫባቸው እንደሚያደርጉት።

«የወለድኩት አራት ነው» አሉ። «ስወድቅ ያነሳችኝ ግን አንዷ ብቻ ናት። አሁን ተራ ግቡ።»

ተራ ገቡ። ሦስቱ እየተለዋወጡ በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን ሊውሉ ተስማሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብዬ እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሥልጠናው የሚጀመር ዕለት ትንሿ ቁልፎቹን ከምስማሩ አውርዳ በየበሩ እየዞረች ለየባለቤቱ መለሰች። ግቢው አኮረፈ። አንዱ አሁን ሲሊንደሩን ማን ይቀበልልኛል አለ። የታችኛው ቤት ሴትዮማ ልጄን ወዴት ላድርገው ብላ እኔን ጠየቀችኝ፤ ትንሿ ናት እንዴ የወለደችልሽ አልኳት። ሳምንት ሰላም ሳትለኝ ከረመች።

ሥልጠናው በድርጅቱ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ በርሜል እየተደረደረ፣ በአንድ አሮጌ አውቶብስ ነበር። አሠልጣኙን ሠልጣኞቹ በሌለበት «ቀስ በይ» እያሉ ይጠሩታል፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። ትንሿ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቶሎ እየለቀቀች መኪናው እየተንፈራገጠ ሲጠፋባት፣ ሌሎቹ ሲስቁባት ከረመች። ከዚያ እግሯ ለመደ። አመሻሽ ላይ ስትገባ ድምፅዋ ራሱ ሌላ ሆነ፤ በር ላይ ቆማ ነው ማውራት የምትጀምረው። ቲቸር ደግሞ ወሬ አይበቃቸውም፤ አሳዪኝ ይላሉ። የድስት ክዳን አንስታ አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ክዳኑ መሪ ነው፤ ቲቸር ከኋላ ያሉት ተሳፋሪ ናቸው።

«ወደ ትምህርት ቤቴ ውሰጂኝ» ይላሉ።

«እሺ እማ። በየት በኩል ልሂድ?»

«በላይኛው። ማርሽ ቀይሪ፣ ዳገት ነው።» ትንሽ ይቆዩና «ፍሬን ያዢ፤ ልጆች እየተሻገሩ ነው» ይላሉ።

ልጆቹ ተሻግረው እስኪያልቁ ሁለቱም ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከወደቁ ወዲህ ቲቸር ከዚያ አልጋ ርቀው የሄዱት እስከ ሐኪም ቤት ብቻ ነበር። በድስት ክዳን ግን ከተማውን አዳረሱት፤ ገበያውን፣ ድልድዩን፣ ከሟቹ ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁበትን የአውቶብስ ፌርማታ ሳይቀር። በግድግዳው በኩል ስሰማቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ትንሽ ትንሽም ያስለቅሰኝ ነበር።

ተራውም የሠመረ መሰለ። ትንሿ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ የትልቁ ወንድሟን ሳህን፣ የእህቷን ፔርሙስ ታገኛለች። ቲቸር ማን መጥቶ ምን እንዳለ፣ በምን እንደተሳሳቁ ያወሩላታል። አስተማሪ ናቸውና አወራራቸው ያምራል። ውሃ መጠጣታቸውን ደግሞ ትንሿ ራሷ ታያለች፤ ጠዋት በቀኝ እጃቸው በኩል ሞልታ የምታስቀምጠው ጆግ አመሻሽ ላይ ባዶ ነው። ከንፈራቸው ግን መሰነጣጠቅ ጀመረ። አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ገብቼ አይቼ ቅባት ላምጣልዎት ወይ ብላቸው ሙቀቱ ነው፣ ተዪው አሉኝ። ያን ሰሞን በእርግጥ ሙቀት ነበር።

ራስጌያቸው መስኮቱ ላይ በቀለም ጣሳ የተተከለ አበባ ነበራቸው። የመጨረሻዎቹ ተማሪዎቻቸው የሰጧቸው ነው። እሱም ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ትንሿ በፀሐይ መስሏት መጋረጃ ጋረደችለት፤ አልተሻለውም።

የመንገድ ፈተናው በማግሥቱ ሊሆን፣ አመሻሽ ላይ ሸሚዟን ላለካት ይዤላት ገባሁ። ከሌሎቹ ሁሉ በፊት የእሷን ነበር የጨረስኩት፤ ሰማያዊ ነው፣ ትከሻው ላይ ነጭ መስመር አለው። ለበሰችው። ወገቡ ላይ ትንሽ ሰፋ ስላላት በስፒል ያዝኩላት። ቲቸር ዞር በዪ፣ ወደ መብራቱ ቅረቢ እያሉ ሲያዩዋት ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ትንሿ ወደ መብራቱ ስትቀርብ ጣሳውን በክንዷ እንዳትጥለው ብላ ግንዱን ያዝ አደረገችው። አበባው ከነሥሩ እጇ ላይ ቀረ። ሥሩ በስብሶ ጠቁሯል፤ ጣሳው ውስጥ ያለው አፈር ሳይሆን ጭቃ ነው፣ ከላዩ ውሃ ተኝቶበታል።

ሳቀች። ማነው እንዲህ የሚያሰምጠው አለችና ለእህቷ ደወለች፤ አበባ በቀን ስንቴ ነው የምታጠጪው ብላ ልትቀልድባት። እህቷ እኔ አይደለሁም፣ ሥራ በዝቶብኝ ከመጣሁ ቆይቻለሁ፣ የሚውለው ወንድምሽ አይደል አለቻት። ትልቁ ወንድሟ ጋ ደወለች። ዓይኔን ግንባር ያድርገው አበባውን ነክቼው አላውቅም አለ፤ ምግቡን በሰው እጅ ነው የምልከው፣ እህትሽ አይደለችም እንዴ እማዬ አጠገብ የምትውለው? መካከለኛውም ያው ነው፤ እሱ ሲደውል እናቱ ወንድምህ እዚህ አለ እንደሚሉት ነገራት። ትንሿ ስልኩን አስቀመጠች። ጆጉን አየችው፤ ባዶ ነው። ጣሳውን አየችው። ከዚያ እናቷን አየች፤ ቲቸር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰዋል።

«እማ፣ ውሃውን የት ነው የምትደፊው?»

ቲቸር ከግድግዳው ሳይዞሩ «ብጠጣ ማን ያነሳኛል?» አሉ።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር፤ የምይዘው አጥቼ የስፒሉን ሳጥን ይዤ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጆቹ ሁለት ሳምንት መጡ፤ ከዚያ አንዱ ቆጠራ ገባበት፣ አንዷ ደንበኛ በዛባት፣ አንዱ ዛሬ ብቻ ልቅር እያለ ቀረ። የሚመጣው ሰው ቀርቶ ሳህን ሆነ። ሲደውሉ ቲቸር ለአንዱ ሌላው አጠገባቸው እንዳለ ይነግሩታል፤ ማንም መቅረቱን ሌላው እንዳያውቅ፣ ነገሩ ተነስቶ ትንሿ ጆሮ እንዳይደርስ። ትንሿ ከወጣችበት እስከምትገባበት ድረስ አንዲት ጉንጭ ውሃ አይቀምሱም፤ ሽንት እንዳይመጣባቸው ነው። እንደጠጡ እንዲመስል ጆጉን በቀኝ እጃቸው እያነሱ ጣሳው ውስጥ ይገለብጡታል። ግቢው በዚያ ሰዓት ሰው የለውም። ይኖር የነበረው አንድ ሰው ትንሿ ናት።

በሦስቱ ልጆች ላይ የተቆጣሁት ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ግን ደግሞ እናታቸው ደህና ነኝ፣ ሰው አለኝ ሲሏቸው ያመኑ ልጆች ናቸው። ማመን የሚመቸው ሰው ምስክር አይጠራም።

ያንኑ ምሽት ቲቸርን ብርድ ብርድ አላቸው፤ ገላቸው ግን እሳት ነበር። ትንሿ ሸሚዙን ሳታወልቅ አቀፈቻቸው፣ እኔ እግራቸውን ይዤ፣ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሐኪሙ ኩላሊታቸው ተመርዟል አለ፤ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ እንደማይተርፉም ነገረን። ሦስቱ ልጆች ደርሰው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ እኚህን ሴት የሚንከባከባቸው ማነው ብሎ ጠየቀ። ሦስቱም ወደ ትንሿ አዩ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ፈተናው ሊደርስ ሲል፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሸሚዙ ተጨማዷል፤ ስፒሉ አሁንም ወገቧ ላይ ነው። ተነሺ አልኳት። ቲቸር እንቢ ቢሉም ባይሉም ዛሬ ሱቄን ዘግቼ እኔ እውላለሁ፣ ሄደሽ ተፈተኚ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ለነገስ እትዬ? ሥራው እኮ በየቀኑ ነው።»

«መጀመሪያ እለፊ። ከዚያ መላ ይፈለጋል።»

«እንደማልፍማ አውቃለሁ» አለች። «የፈራሁት እሱን ነው።»

ምላስሽ ረጅም ነው የምባለው እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስፒሉን ከወገቧ ነቀልኩላት፤ እንዳይወጋት ብዬ። ስልኳ ጠራ። አሠልጣኙ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ሦስተኛውን አነሳችውና እንደማትመጣ ነገረችው። ቀጠሮ ላዘዋውርልሽ እችላለሁ ሲላት ይሰማኛል። አመስግና ዘጋችው።

ቲቸር ከሐኪም ቤት ሲወጡ ልጆቹ እንደገና ተሰበሰቡ። አለቀሱ፤ ለምን አልነገርሽንም ብለው እናታቸውን ወቀሱ፤ እርስ በርስም ተወቃቀሱ። ትልቁ ወንድም ትልቅ ፔርሙስ ገዝቶ መጥቶ ነበር፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ይዞት ቆመ። መጨረሻ ላይ እህቷ ዓይኗን እየጠረገች፣ እንግዲህ እማዬ እስክትጠነክር ትንሿ ብትሆን ነው የሚሻለው፣ ለጊዜው፣ አለች። ማንም አልተቃወመም። ቲቸር የአልጋውን ጠርዝ ሲመቱ ለመስማት ጠብቄ ነበር። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አጋድመው ጣራ ጣራውን ያዩ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ የታችኛው ቤት ሴትዮ ቁልፏን ምስማሩ ላይ አንጠለጠለች። ሌላውም ተከተለ። የድርጅቱ ሰው ሸሚዞቹን ሊወስድ ሲመጣ የትንሿን አስቀርቼ ነበር፤ ቁጥሩ ጎደለ ሲለኝ አወጣሁት። ወገቡን አስፍቼ፣ እጅጌውን አሳጥሬ ለሌላ ሠልጣኝ ሰጠሁ። አጭር፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ልጅ ናት። አሁን በእኛ መስመር ትነዳለች። አንዳንድ ቀን እሳፈርላታለሁ፤ ምንም አላጠፋችም፤ ጀርባዋን ሳይ ግን እናደዳለሁ።

ትንሿ ሃያ አምስት ዓመት ሞላት፤ አለፋት። የድስቱ ክዳን ወደ ድስቱ ተመለሰ። አንዴ ብቻ ቲቸር ወደ ድልድዩ ውሰጂኝ ሲሏት በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ። ደክሞኛል እማ፣ ነገ፣ አለቻቸው።

ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ ቤት በዋልኩበት ቀን አንድ ወጣት ታብሌት ይዞ ወደ ግቢያችን ገባ። ጨዋ ልጅ ነው፤ የወጣቶችን ሁኔታ ለማጥናት ቤት ለቤት እየዞርን ነው አለ። የትንሿ በር ላይ ቆሞ ጠየቃት። ትማር እንደሆነ፤ አይ። ሥልጠና ላይ ትሆን እንደሆነ፤ አይ። ተቀጥራ ወይም በግሏ ትሠራ እንደሆነ፤ አይ። በመሃል የታችኛዋ ሴትዮ ልጅ ከትምህርት ቤት መጣ፤ ቁልፉን አውርዳ ሰጠችው፣ አፍንጫውን ጠረገችለት፣ ምሳውን የት እንደሚያገኝ ነገረችው። ወጣቱ ታብሌቱን ይዞ ጠበቃት። ባለፈው ወር ሥራ ፈልገሽ ነበር ወይ አላት። እዚህ ላይ ምስማሩን አየት አድርጋ አይ አለች። ያልፈለገችበትን ምክንያት እንድትመርጥ ከስክሪኑ ላይ አነበበላት። አንዱም አልገጠማትም። ጊዜው ሲሄድበት እንግዲህ ሌላ እንበለው አለና ነካው።

ይኼኔ ቲቸር ከውስጥ ተጣሩ። ድምፃቸው ደክሟል፤ ግን የአስተማሪ ድምፅ ነው፣ ከግድግዳ ያልፋል።

«ልጄ፣ ሹፌር ናት ብለህ ጻፍ።»

ወጣቱ ግራ ገብቶት የት መሥሪያ ቤት እንደምትነዳ ጠየቃት። ትንሿ በሩን በእጇ ገርበብ አደረገችው።

«አይደለሁም» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አትጻፍ።»

አመሰገነና ወደሚቀጥለው ግቢ ሄደ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆግ ሲነሳ፣ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲንቆረቆር ሰማሁ። ቲቸር ልጁ ሄደ ወይ አሉ። ሄደ አለቻቸው።

«ምን ብሎ ጻፈ?»

ትንሿ ወዲያው መለሰችላቸው፤ የተዘጋጀችበት ይመስል። «ሹፌር ብሎ።»

«አሳየሽ?»

«አሳየኝ እማ። አሁን ጠጪ።»

ቲቸር ውሃውን እስከ ታች ጠጡት።